ቤቴን አፍርሱልኝ

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ነጠላዋ ነበር። ሸዋነሽ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ ስትወርድ፣ ከአዲሱ አደባባይ ጥግ ከቆመው ቦኖ አጠገብ ስትደርስ፣ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ በግራ ጉንጯ ላይ ሳብ ታደርገዋለች፤ ፀሐይ ዓይኑን የወጋው ሰው እንደሚያደርገው። ቦኖውን አልፋ ጥቂት ከሄደች በኋላ መልሳ ትለቀዋለች። ፀሐይ ቢኖር ነገሩ ባላስገረመ። ግን ክረምት ነው፤ ደባርቅ በጉም ተጠቅልላ ከአንዱ ደጅ የሌላው ደጅ አይታይም። የስሜን ተራሮች ሊኖሩበት በሚገባው ቦታ ላይ ነጭ ዝምታ ብቻ ተቀምጧል። በዚያ ጉም ውስጥ አንዲት ሴት ከሌለ ፀሐይ ፊቷን ስትከልል ያየ ሰው ቆም ብሎ ሳያያት አያልፍም።

ደግሞስ ውሃው እዚያው አለ አይደል? ቧንቧው ይንፎለፎላል፤ ሴቶቹ ተሰልፈው እየተጎሻሸሙና እየተሳሳቁ ይቀዳሉ። ሸዋነሽ ግን ሰላምታ ሰጥታ፣ ሰላምታ ተቀብላ፣ አቀበቱን መልሳ እንደምትወጣው እያወቀች ቁልቁል ወደ ምንጩ ትወርዳለች። ይህን የምታደርገው ቦኖው ከተተከለበት ቀን አንሥቶ ነው። ነገሩ ደግሞ ከቦኖው በፊት ይጀምራል።

ሸዋነሽ የጃናሞራ ልጅ ናት። ወደ ደባርቅ በትዳር መጣች። ባሏ በመንገድ ሥራ የሚውል ሰው ነበረና አንድ ክረምት ሊማሊሞ ላይ ናዳ ሲጠርጉ ሌላ ናዳ ወረደ፤ እሱም በዚያው ቀረ። የተወላት ነገር ቢኖር ከአስመራ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ዳር የቆመች አንዲት የጭቃ ቤት ናት። አልቅሳ ስታበቃ ቤቲቱን ጠላ ቤት አደረገቻት።

ቦታው ሲሳይ ያለበት ቦታ ነበር። ከአዲ አርቃይ ቆላ ተነሥቶ ያንን ጠመዝማዛ ገደል ቀኑን ሙሉ ሲቧጥጥ የዋለ ሾፌር፣ ደባርቅ ሲደርስ ላቡ በላዩ ላይ ይበርድበታል። ያን ጊዜ በሩ የተከፈተ ቤት፣ ውስጡ የሚነድ እሳትና የገብስ ጠላ ያየ ሰው የት ይሄዳል? ሁሉም ሸዋነሽ ዘንድ ይገባ ነበር። ድረስ የሚባለው የትሬንታ ኳትሮ ጭነት መኪና ሾፌርማ ካፖርቱን የሚሰቅልበት የራሱ ሚስማር ነበረው፤ ሌላ ሰው ሊሰቅልበት ሲል ሸዋነሽ «ባለቤት አለው» ትል ነበር። ስትል ትንሽ ትቀላለች ብለው የሚያሟት ሰዎች አሉ።

እናናዬ አምቢኮ ከሚባለው የስሜን መንደር ስትመጣ ገና ጉንጯ በብርድ የተሰነጣጠቀ ለግላጋ ናት። ሸዋነሽ ዘንድ ገባች፤ ብቅል ማብቀልን፣ ጌሾ መመጠንን፣ ሰካራምን ሳያስቀይሙ ከደጅ ማድረስን ተማረች። ፈጣን ነበረች። ሳቂታም ነበረች። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ማለዳ ተንበርክካ፣ «እትዬ፣ ይመርቁኝ፤ የራሴን ልሞክር ነው» ብላ ጉልበቷን ሳመች። ሸዋነሽም ከልቧ መረቀቻት። የመረቀቻት ግን ሩቅ የምትሄድ መስሏት ነው።

እናናዬ የሄደችው መንገዱን ተሻግራ ነው። ከሸዋነሽ ደጅ ትይዩ፣ በታችኛው ረድፍ፣ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ሠራች። የሸዋነሽ ቆርቆሮ ዝጎ አፈር መስሏል፤ የእናናዬ እንደ መስታወት ያበራል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጀንበር ከታችኛው ረድፍ ጀርባ ዘንበል ትልና በዚያ ቆርቆሮ ላይ ትወድቃለች፤ ብርሃኑም ተወርውሮ መንገዱን ተሻግሮ ቀጥታ ሸዋነሽ በር ይገባል። ጋኑን፣ መደቡን፣ ጭስ ያጠቆረውን ግድግዳ፣ ባዶዋን ሚስማር ሁሉ ያሳያል። ሸዋነሽ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ተነሥታ በሯን ትዘጋለች። መኪኖቹ ከሊማሊሞ የሚደርሱት ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው።

ሚስማሯ ባዶ የሆነችበት ምክንያት ሌላ ነበር፤ ሸዋነሽ ግን እስከ ዛሬ አትቀበለውም። በ1956 ዓ.ም. በግራ ይሄድ የነበረ መኪና ሁሉ በቀኝ ይሂድ ተብሎ ታዘዘ። ከአዲ አርቃይ ለሚመጣ ሰው ግራው የሸዋነሽ ደጅ ነው፤ ቀኙ የእናናዬ።

ድረስ አንድ ቀን ከእናናዬ ቤት ሲወጣ መንገዱ መሐል ያዘችው።

«ድረስ! እግርህ ጠፋ?»

«ሸዋዬ ሙች፣ የኔ ጥፋት አይደለም። ሕግ ወጣ እኮ! አሁን በቀኝ ነው የምንነዳው። ያንን ዝሆን የሚያህል መኪና መንገድ አቋርጬ አንቺ ደጅ ላቁም ብል ትራፊክ ይቀጣኛል።»

«ሕጉ የወጣው ለእሷ ነው በለኛ!»

«ለመላው ኢትዮጵያ ነው!»

«አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ አስወጥታው ነው! እግርስ የለህም? መኪናህን እዚያ አቁመህ ራስህ ብትሻገር ሕግ ይከለክልሃል?»

ድረስ ሳቀና ካፖርቱን በትከሻው ላይ አስተካከለ። ካፖርቱ የሌላ ቤት ጭስ ይሸት ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ሦስት ዓመት አለፈ። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን አዋጅ ነጋሪው ከበቅሎ ላይ ሆኖ ጮኸ፦ «የደባርቅ ሰው ሆይ! ሴት ወንድ ሳትል፣ ባለ ቤት የሆንክ ሁሉ፣ በመጪው ሐሙስ ከሜዳው ላይ ተሰብሰብ! የቀረህ ትቀጣለህ!»

ማዘጋጃ ቤቱ ያሰበው ሕዝብ ማማከር ነው። ከጎንደር መሐንዲስ መጥቶ ስለ ከተማው አዲስ ፕላን፣ ስለሚሰፋው መንገድ፣ ስለሚሠሩት ቤቶችና ስለሚገባው ውሃ ነግሯቸው አሳባቸውን ሊሰማ ነው። የደባርቅ ሰው ግን በዚህ ቃል ሲጠራ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አውጫጭኝ። ከብት ሲሰረቅ፣ ጎተራ ሲቃጠል አገሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ቄስ ይገዝታል፤ ወፍ ይመረጣል። ወፍ የሚባሉት የታመኑ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን ለብቻው በጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ እነሱም ማን እንዳለ ሳይናገሩ «ወፍ እንዲህ አለች» ብለው ለሸንጎው ያወጣሉ። ጥፋተኛው እስኪገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ቀናትም ቢፈጅ።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት የደባርቅ ሰው ስንቁን ይዞ መጣ። በሶ ያልቋጠረ፣ ቁርበት ያላነጠፈ አልነበረም። አንዳንዱ ከነድስቱ መጥቷል። ሁሉም ጸጥ ብሎ ጎረቤቱን በጎሪጥ እያየ፣ የማን በሬ ጠፍቶ ይሆን እያለ ተቀመጠ።

መሐንዲሱ ያርጋል ይባላል፤ መነጽር ያደረገ፣ ፈገግታ የማይለየው ጎልማሳ ነው። የቁርበቱንና የስንቁን ብዛት ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ግራዝማች፣» አለ ሸንጎውን ወደሚመሩት ሽማግሌ ዞሮ፣ «እኔ እኮ ከምሳ በፊት ልጨርስ ነበር። ሕዝቡ ወዴት ሊሄድ ነው?»

ግራዝማች ዳኘው ጭራቸውን አወዛወዙ። «የትም አይሄድም ልጄ። አንተም አትሄድም። በል ጀምር፤ የጠፋው ምንድን ነው?»

«ምንም የጠፋ የለም።»

«ተዲያ ማንን ልትይዝ መጣህ?»

ያርጋል ስቆ ጀመረ። ፕላኑን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጫነበት። መንገዱ ይሰፋል አለ። ለዚህም ከሁለቱ ረድፎች አንዱ መፍረስ አለበት፤ ላይኛው ይሁን ታችኛው፣ ሕዝቡ እንዲመክርበት ነው የመጣው። ይህን ሲል በሸንጎው ላይ ነፋስ እንደመታው የገብስ ማሳ ያለ እንቅስቃሴ አለፈ።

ሸዋነሽ ከቁርበቷ ላይ ቀና አለች። አንዱ ይፈርሳል። ወይ እኔ፣ ወይ እሷ። ከዚህ በኋላ መሐንዲሱ የተናገረው ብዙ ነበር፤ ስለ አዲስ አደባባይ፣ ስለ ምትክ ቦታ፣ ስለ ቦኖ አንድ በአንድ አስረድቷል። ሸዋነሽ ግን ያን ጊዜ እናናዬን ትመለከት ነበር። እናናዬ ሴቶቹ መሐል ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ አዲስ ነጠላ ለብሳለች፤ ጥለቱ ባለ ሦስት ቀለም ነው፤ ሐምራዊ፣ ወርቃማና አረንጓዴ። ያን ጥለት ማን ገዛላት? ከአስመራ ነው የመጣው። ከአስመራ ማን ይመጣል? ድረስ! ሸዋነሽ ከጥለቱ ክር አንዱን በዓይኗ ይዛ እስከ ጫፉ ስትከተለው፣ መሐንዲሱ ንግግሩን ጨርሶ ነበር።

«እንግዲህ አሳባችሁን ስጡ» አለ ያርጋል። «ማንም ሳይፈራ ይናገር!»

ከሜዳው ዳር አንድ አህያ ብቻ አናፋ።

ግራዝማች ዳኘው ቀስ ብለው ተነሡ። «ልጄ ያርጋል፣ ዝም ያልነው አሳብ አጥተን እንዳይመስልህ። ‹የእገሌ ቤት ይፍረስ› ብዬ በአደባባይ ብናገር ነገ ከእገሌ እሳት የምጫረው በምን ፊቴ ነው? እንዲህ ያለውን ነገር እኛ አገር ወፍ ነው የምትናገረው። ወፍ እንምረጥ።»

ያርጋል ወፍ ምን እንደ ሆነች ሲነገረው ተገረመ፤ እጁንም አጨበጨበ። «ድምፅ በምስጢር መስጠት ማለት ነው! ከዚህ የተሻለ ነገር ከየት ይመጣል? ብቻ ወፎቹ ምክንያቱንም ይጠይቁልኝ» አለ።

መምሬ ገብረ ሚካኤል መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ገዘቱ፤ ወፍ የሆነ የሰማውን ከእነማን እንደ ሰማ ቢያወጣ፣ የተናገረም ሰው ቃሉን ቢያጥፍ፣ ግዝቱ ይድረሰው አሉ። ሕዝቡ ሁሉ «ይድረሰው!» አለ። ወፎቹ ከድንጋዩ ካብ ጀርባ ተቀመጡ፤ ሰዉም በየተራ ይሄድ ጀመር።

ለሸዋነሽ የደረሷት ወፍ ቆዳ ፋቂው አያ ክንዴ ናቸው፤ ግማሽ ጥርሳቸው የወለቀ፣ ነገር የማያመልጣቸው ሰው።

«ታችኛው ረድፍ ይፍረስ» አለች በጆሯቸው።

«ምክንያት?»

«ወፍ ምክንያት ትጠይቃለች እንዴ?»

«መሐንዲሱ ጠይቁ ብሎናል። በይ ቶሎ በይ፤ ሰው ቆሟል።»

«እንግዲያው… ታችኛው ረግረግ ነው ይበሉ። ለቤት አይሆንም።»

«ሸዋነሽ፣ ታችኛው አለት ነው እኮ። ጉድጓድ ሲቆፍሩ ስንት ዶማ ተሰበረ!»

«ክረምት ክረምት ይረገረጋል።»

«እሺ፣ አለቱ ይረገረጋል።» አያ ክንዴ ጢማቸውን አሻሹ። «የቆርቆሮው ብርሃን ዓይን ይወጋልም ልበል?»

«እሱን እንዳይሉ!» አለች ሸዋነሽ፤ ከራሷ ድምፅ ራሷ ደነገጠች። አያ ክንዴም ምንም እንዳልሰሙ ሆነው የሚቀጥለውን ሰው ጠሩ።

ጀንበር ዘቅዘቅ ስትል ወፎቹ ወጡ። «ወፍ እንዲህ አለች፤ ታችኛው ረድፍ ይፍረስ» አሉ፤ ሁሉም አንድ ቃል። ሸዋነሽ እፎይ አለች። ቀኑን ሙሉ ያልነካችውን ስንቋን ፈታች፤ ዳቦዋን ቆረሰች፤ ቆርሳም፣ ለምን እንደ ሆነ እሷም አታውቅም፣ ተነሥታ ሄዳ ለእናናዬ ሰጠቻት። እናናዬ በሁለት እጇ ተቀበለች። ፊቷ ላይ ኀዘን አልነበረም። «ልቧ ደርቆ ነው፣ ምስኪን» አለች ሸዋነሽ በሆዷ። ያን ሌሊት ከዓመታት በኋላ ደህና እንቅልፍ ተኛች።

ደስታዋ እስከ ጥር ድረስ ቆየ። በጥር ያርጋል ችካልና ሜትር ይዞ ተመለሰ፤ ሕዝቡም እንደገና ተሰበሰበ። አሁን ስንቅ የያዘው ግማሹ ብቻ ነው። ያርጋል ከፕላኑ ላይ እያመለከተ ተናገረ፤

«ባለፈው እንደ ነገርኳችሁ፣ ታችኛው ረድፍ ላይ ያላችሁ ሰዎች ምትክ ቦታችሁ በአዲሱ አደባባይ ዙሪያ ነው። አደባባዩ ከከተማው መግቢያ፣ በሊማሊሞ በኩል ነው። መኪና ሁሉ የሚቆመው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ በመንገዱ ላይ መቆም ክልክል ይሆናል። ቦኖውም ከአደባባዩ ጥግ ይተከላል፤ ከወይዘሮ እናናዬ ቦታ ፊት ለፊት።»

ሸዋነሽ አጠገቧ ወደ ተቀመጡት አያ ክንዴ ዘንበል አለች።

«እንደ ነገርኳችሁ ይላል። መቼ ነው የነገረን?»

«የዚያን ሐሙስ።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«እዚህ ነበርሽ» አሉ አያ ክንዴ። «ጥለት ታዪ ነበር።»

ሸዋነሽ ተነሣች። እንደ ደንቡ ነጠላዋን አደገደገች። ሸንጎው ወደ እሷ ዞረ።

«ጌታው» አለች ወደ መሐንዲሱ፣ «የእኔንም ቤት አፍርሱልኝ።»

ያርጋል መነጽሩን አወለቀ። «ምን አሉኝ?»

«ቤቴን አፍርሱልኝ። ግድግዳው አዘንብሏል። ቆርቆሮው ዝጓል። ደግሞ ለመንገዱ አይበቃም፤ አንድ ረድፍ ብቻ ቢፈርስ መኪናው እንዴት ይተላለፋል?»

«በሄድኩበት አገር ሁሉ» አለ ያርጋል በቀስታ፣ እንደ ተአምር እያያት፣ «ሰው ‹ቤቴን አታፍርሱብኝ› ብሎ እግሬ ላይ ይወድቃል። ‹አፍርሱልኝ› የሚል ሰው ገና ዛሬ አየሁ። ግን ወይዘሮ ሸዋነሽ፣ ለክቻለሁ። መንገዱ የእርስዎን ቤት በጭራሽ አይነካም። ደስ ሊልዎ ይገባል።»

«አጥሬን ወደ ፊት አወጣዋለሁ! ያን ጊዜ ይነካል!»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። አንዷ «ሸዋዬ፣ እኔ ዶማ አለኝ፣ ልምጣ?» አለቻት። ሌላው «አጥሩን ከምታወጪ ቤቱን ግፊው!» አለ። መምሬ ገብረ ሚካኤል ሳይቀሩ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ግራዝማች ዳኘው ጭራቸውን ሲያነሡ ሳቁ ጋብ አለ። «ሸዋነሽ ልጄ፣ ወፍ ተናግራለች። ተገዝቶበታል። ‹ቃሌን አነሣለሁ› የሚል ካለ ይነሣና መጀመሪያ ቃሉ ምን እንደ ነበረ ይንገረን። የሚል አለ?»

ሸዋነሽ ቆማ ቀረች። ማለት ትችል ነበር። እናናዬ ከሴቶቹ መሐል ቀና ብላ ታያታለች። «የእሷ ቤት ይፍረስ ያልኩት እኔ ነኝ» ማለት ነው እኮ! አያ ክንዴ መሬት መሬት ያያሉ፤ ጥርስ ያጣው አፋቸው ግን አንድ ነገር እንደያዘ ይታወቃል። ሸዋነሽ ነጠላዋን ፈታችና ተቀመጠች።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናናዬ ደረሰችባት። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ሄዱ። ደባርቅ ላይ የጥር ሰማይ እንደ ታጠበ ገበታ ነበር፤ ተራሮቹ ቅርብ ከመሆናቸው የተነሣ እጅ ቢዘረጋ የሚነኩ ይመስሉ ነበር።

«እትዬ፣» አለች እናናዬ፣ «ወፏን ምን እንዳልኳት ልንገርዎ?»

«ግዝት አለብሽ!»

«ግዝቱ የሌላውን ቃል ላወጣ ነው። የራሴ የራሴ ነው። ታችኛው ይፍረስ ነው ያልኳት።»

ሸዋነሽ ቆመች። «የራስሽን ቤት?»

«አደባባዩን ሲነግረን አልሰሙም? መኪናው ሁሉ እዚያ ሊቆም! መሐንዲሱ ሲናገር እርስዎ እኔን ያዩ ነበር፤ እኔ ደግሞ እሱን። ጎረቤቶቼንም በዚያው ምሳ ላይ መከርኳቸው። ታችኛው ረድፍ በሙሉ ያለው እንደዚያ ነው።»

ሸዋነሽ እነዚያን ወራት ሁሉ በልቧ ይዛው የኖረችው፣ አንዳንዴ የፈራችው፣ ብዙ ጊዜ ግን ያጣፈጠችው ክፉ ሥራ የእሷ አልነበረም። ባትናገረውም ይሆን ነበር። ይህችን ልጅ ጎዳሁ ያለችበት ነገር እንኳ ይህችው ልጅ ቀድማ ወስዳዋለች።

«ቦታው ሰፊ ነው እትዬ» አለች እናናዬ፤ ድምፅዋ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። «ከእኔ ጋር ይሁኑ። ጌሾውን እርስዎ ይመጥኑ፤ ሰካራሙን እኔ አስወጣለሁ። እንደ ድሮው።»

«እንደ ድሮው?» አለች ሸዋነሽ። «እንደ ድሮውማ ቢሆን ቤቱ የእኔ ነው። አንቺ የኔን ጉልበት ስመሽ ወጣሽ፤ እኔ ያንቺን ጉልበት ስሜ አልገባም።»

እና መንገዱን ተሻግራ ወደ ቤቷ ገባች።

ታችኛው ረድፍ በሚያዝያ ፈረሰ። የእናናዬ ቆርቆሮ አንድ በአንድ ተነቅሎ በጭነት መኪና ተጫነ፤ የጫነው ድረስ ነው። መንገዱ ሰፋ። ሸዋነሽ ደጅ ላይ ተቀምጣ ስታየው ወንዝ ያህላል፤ መኪኖቹም እንደ ወንዝ ሳይቆሙ ያልፋሉ። ድረስ ሲያልፍ ክላክስ ያደርግላታል። ክላክሱ ሲሰማ ብድግ ማለቷን ለመተው አንድ ክረምት ፈጀባት።

አሁን ጠጪዎቿ በገበያ ቀን የሚመጡት ገበሬዎች ናቸው። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ጋቢያቸውን ግን አይሰቅሉም፤ እንደ ተከናነቡ ጠጥተው ይሄዳሉ። ሚስማሯን ለመንቀል አንድ ቀን ጉጠት ተውሳ ነበር። ጉጠቱን ሳትጠቀምበት መለሰችው።

አንድ ጊዜ በጎረቤት እጅ ከእናናዬ ቤት ጠላ አስመጥታ በሯን ዘግታ ቀመሰች። እንዲመር ፈልጋ ነበር። የራሷ ጠላ ነው። ጌሾው ልክ እንደ እሷ ተመጥኗል፤ ከጉሮሮ ሲወርድ መጨረሻ ላይ የምትመጣዋ ትንሽ ምሬት እንኳ የእሷ ናት። ያን ቀን አለቀሰች፤ ያለቀሰችው ግን ጠላው ጥሩ ስለ ሆነ ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ አሁንም ተነሥታ በሯን ትዘጋለች። ከፊቷ የሚያንጸባርቅ ነገር የለም፤ ባዶ መንገድና ከመንገዱ ባሻገር ሜዳ ብቻ ነው። በሩን ዘግታ በጨለማው ውስጥ ጥቂት ትቆማለች፤ ለምን እንደ ዘጋችው ትዝ ሲላት መልሳ ትከፍተዋለች።

ጉም ባለበት በአንድ የክረምት ጧት ሸዋነሽ ከቦኖው ስትደርስ እናናዬ ከበሯ ላይ ቆማ ነበር። አዲሱ ቤቷ ትልቅ ነው፤ ከበሩ ፊት ሦስት መኪና ቆሟል። ሸዋነሽ ነጠላዋን በግራ ጉንጯ ላይ ሳበች።

«እትዬ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?»

«እንስራዎን ያውርዱት፤ እኔ ልሙላልዎ። አቀበቱ ዛሬ ያዳልጣል።»

«የቧንቧ ውሃ ጠላ ያበላሻል።»

«የኔ ጠላ ተበላሽቶ ያውቃል?» አለች እናናዬ እየሳቀች።

«እሱን ጠጪዎችሽን ጠይቂ። እኔ ቀምሼው አላውቅም።»

ወረፋ የያዙት ሴቶች ባልዲያቸውን እያስተካከሉ ተያዩ። ውሃው ከአንዷ ባልዲ ሞልቶ ይፈስ ጀመር፤ የሚዘጋው አልተገኘም። እናናዬ ከበሯ ወርዳ ቧንቧውን ዘጋችና እጇን በቀሚሷ አበሰች። «እንግዲያው ይጠንቀቁ እትዬ፤ ቁልቁለቱ ላይ ካለው ድንጋይ በላይ በኩል ይሂዱ» አለች።

ሸዋነሽ የእንስራዋን ገመድ በትከሻዋ ላይ አጥብቃ ቁልቁል ወረደች። ከድንጋዩ ዘንድ ስትደርስ ጥቂት ቆም አለች፤ ከዚያም በታች በኩል ሄደች፤ በሚያዳልጠው በኩል። ቦኖውን ብታልፍም ነጠላዋን አልለቀቀችውም። ጉሙ መጀመሪያ እግሯን፣ ቀጥሎ ቀሚሷን ወሰደ፤ እንስራዋ ብቻ ጥቂት ስትወዛወዝ ታየች፤ ከዚያ እሷም ጠፋች።